የለቅሶ ጽሑፍ ዋጋ

ኮልፌ ውስጥ ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚከፈለው አሳምሬ አውቃለሁ። ሣጥን ሻጩ ይከፈለዋል። ጉድጓድ ቆፋሪው ይከፈለዋል፤ መሬቱ ድንጋይ ከሆነበት «ጨምሩ» ይላል፣ ይጨመርለታል። አውቶቡሱ፣ ቪዲዮ ቀራጩ፣ የሟቹን ፎቶ አሳድጎ ፍሬም ውስጥ የሚያስገባው ሰውዬ፣ ሁሉም «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ማንም አይቀየማቸውም። ሥራ ነው።

ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ሰው ግን ንፍሮውን ቅሞ ይሄዳል። ያ ሰው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ንፍሮ ቃምኩ።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ግንበኛ ነበርኩ፤ ከዘነበወርቅ እስከ ቀራንዮ ስንትና ስንት አጥር የእጄ ሥራ ነው። ክፍያ ስቀበል የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። ቀለሙ ከጣቴ ሳይለቅ ቤቴ ስገባ ሚስቴ እንዳታየው ኪሴ ውስጥ እደብቀው ነበር፤ እሷ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች።

የአንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ አጥር ሠርቼ በጨረስኩ በወሩ፣ በዚያው መንገድ ሳልፍ ሽንቴ መጣ። ሰው የለም ብዬ ወደ አጥሩ ዞርኩ። ድንጋዩ ላይ በቀይ ቀለም የሆነ ነገር ተጽፏል። አላስጨነቀኝም። የጊቢው በር ሲከፈት ነው የደነገጥኩት።

«አንተ ሰውዬ! ማንበብ አትችልም እንዴ?»

ሱሪዬን እንደያዝኩ ዞርኩ። ሴትየዋ አጥሩን የሠራሁላቸው እኔ መሆኔን ሲያዩ ይብስ ተናደዱ።

«አልችልም» አልኳቸው።

ምን ልበል? እውነቱ እሱ ነው። እሳቸው ግን ቀዩን ጽሑፍ አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና ጽሑፉን አዩት።

«ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ና።»

«መፈግፈጊያ ይዤ ልምጣ?»

«ደብተርና እርሳስ ይዘህ ና።»

በዚህ ዓይነት ነው የተጀመረው። ሁለት ዓመት፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳቸው ላይ። ጣቶቼ ሲሚንቶ የበላቸው ስለነበሩ እርሳስ በያዝኩ ቁጥር ይሰበርብኝ ነበር። «መዶሻ አይደለም፣ ቀስ» ይሉኛል። ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚላቸው፤ እኔም ቲቸር እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ «ግንበኛው» ነው የሚሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ተጣልተናል። ስንት ነው የማስተማሪያው ብዬ ጠየቅኩ። ገንዘብ አልፈልግም አሉ። እንግዲያው አልማርም አልኩ። «በነጻ የሰው ጉልበት አልበላም» ብዬ ተነሣሁ፤ ጉረኛ ነበርኩ ያኔ። «ምን ይሻልሃል ታዲያ?» አሉኝ። ጊቢያቸውን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ደረጃቸው ተሰንጥቋል፣ የመጸዳጃ ቤቱ ወለል ሰምጧል፣ የጓሮው ቦይ ተደፍኗል። በየወሩ አንድ ነገር እጠግንላቸው ጀመር። ፊደል እስክጨርስ የጊቢያቸው ግማሽ አዲስ ሆነ።

ማንበብ ስጀምር በየሳምንቱ የሠራሁትን ያስጽፉኛል። «ድንጋይ ጠረብኩ» ብዬ እጽፋለሁ። ያነቡትና፣ «የምን ድንጋይ? ከየትኛው የድንጋይ ካባ የወጣ? ሲመታ ድምፁ እንዴት ነው? የማይረባውን በምን ትለየዋለህ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ከድንጋይ ጋር ውዬ ስለ ድንጋይ ይህን ያህል የሚጠየቅ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ስጠየቅ ግን መልሱ አለኝ። እጄ ላይ የነበረውን ነው ወደ ወረቀቱ ያወረድኩት። ከዚያ ሌላ የጽሑፍ ትምህርት አልተማርኩም።

ጎረቤታቸው የነበረ ልብስ ሰፊ ሲሞት ቤተሰቡ የሕይወት ታሪክ እንዲጽፉ ወደ ቲቸር መጣ። ዓይናቸው መድከም ጀምሮ ነበርና እኔን ላኩኝ። ሄድኩ። የእድሩ ዳኛ «ከአባታቸው ከአቶ እከሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እከሊት ብለህ ጀምር፣ ሌላው ያው ነው» አለኝ። እኔ ያውን መጻፍ አልቻልኩም። የሰውዬውን ሚስት ጠየቅኳት። ምን ያስቀው ነበር? ሲናደድ ምን ያደርጋል? ስትነግረኝ ስትነግረኝ ለቅሶዋን ረስታ ሳቀች። ቁርጥራጭ ጨርቅ አጠራቅሞ የጨርቅ ኳስ ይሰፋ እንደነበር፣ የሰፈሩን ልጆች ደግሞ «መስታወት ከሰበራችሁ አላውቃችሁም» ይላቸው እንደነበር ነገረችኝ። ጻፍኩት። ቀብሩ ላይ ሲነበብ ሰው አለቀሰ፣ ኳሱ ጋ ሲደርስ ሳቀ፣ መልሶ አለቀሰ። እኔም ከኋላ ቆሜ ከሰዉ ጋር አለቀስኩ፣ ከሰዉ ጋር ሳቅኩ። አጥር ሠርቼ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ የሞተ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። «ጻፍልን እንጂ፣ ለነፍስ ነው» ይላል ዳኛው። ለነፍስ እሺ። ወገቤ ታሞ ግንባታ ሳቆም አሥራ ስምንት ማዞሪያ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አስቀመጥኩ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ለእሱ ይከፈለኛል፣ ጥቂትም ቢሆን። የለቅሶ ሲሆን ግን ሁለት ሦስት ቀን ቤት ለቤት ዞሬ፣ ጠይቄ፣ ጽፌ፣ ቀድጄ፣ እንደገና ጽፌ አመጣለሁ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ ትተይበዋለች። እሷ በገጽ ይከፈላታል። ያሰብኩት እኔ፣ የተከፈላት እሷ። እሷን አልቀየማትም፣ እንጀራዋ ነው። ግን አፌን ሞልቼ «የእኔስ?» ማለት አቃተኝ። ያዘነ ሰው ፊት ቆሞ ዋጋ መጥራት እንዴት ይቻላል? ሣጥን ሻጩ ይችልበታል። እኔ አልቻልኩበትም።

ያለፈው ክረምት ሲወጣ፣ አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር አረፈ። እኔ ታምሜ ተኝቼ ስለነበር አልጻፍኩለትም። የቀብሩ ቀን ተሻለኝና ቲቸርን ደግፌ ቀራንዮ ሄድኩ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ጥላ ብቻ ነው የሚያየው፣ ጆሯቸው ግን የሩቅ ሹክሹክታ ይሰማል። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸውና አጠገባቸው ቆምኩ። ዳኛው ወረቀቱን ዘረጋ።

ስም፣ አባት፣ እናት። ደህና። ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበ፤ አወቅኩት። ሌላም አነበበ። የእኔ ነው። የራሴን ልጅ በሌላ ሰው ልብስ ያየሁ ያህል ደነገጥኩ። ከዚያ ዳኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ቁርጥራጭ ጨርቅ አጠራቅመው ለሰፈሩ ልጆች ኳስ ይሰፉ ነበር» አለ።

የሟቹ ሚስት ቀና አለች።

«ኧረ እሱ መርፌ ይዞ አያውቅም!»

ሰው ተንጫጫ። አንዱ ከኋላዬ «ጎማ ይሰፋ እንደሆነ እንጂ» ብሎ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ዳኛው ወረቀቱን ገልብጦ አየ፤ ግራ ገብቶት እንደገና ገለበጠው። ሴትየዋ አልሳቀችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና «ምነው፣ የእሱስ? የእሱ የለም እንዴ?» አለች። ከዚያ በኋላ ምንም አልተነበበም።

ቲቸር ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

ልጁን፣ የሟቹን የመጀመሪያ ልጅ፣ ከመቃብሩ ራቅ ብሎ ለብቻው አገኘሁት። ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎልማሳ ነው። ቁጣዬን መያዝ አልችልም፣ ጠባዬ ነው።

«አባትህን በልብስ ሰፊ ታሪክ ቀበርከው።»

«ጋሼ፣ በማርያም ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስንሄድ ‹ሟች ወንድ ናቸው ሴት?› አለችን። ወንድ ስንላት ከኮምፒውተር አወጣችልን። ስም ብቻ ቀይሩ አለችን።»

«የማን ጽሑፍ ነው ብላችሁ አልጠየቃችሁም?»

«ጠየቅናት። ‹እሱ እኮ በነጻ ነው የሚጽፈው፣ የሁሉም ነው› አለችን።»

ልጁ አልዋሸም። ኮምፒውተሩ ስንቴ ሲቀየር፣ ጽሑፌ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲሻገር፣ የማንም ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ለሣጥኑ የከፈለ ሰው የሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ አባቱን አይከትም። የሁሉም የሆነ ነገር ግን ማንም ላይ ይለጠፋል።

ከቀራንዮ በሚኒባስ ስንመለስ ልጁ ያለኝን ለቲቸር ነገርኳቸው። ረዳቱ «ማዞሪያ የሚወርድ!» ሲል፣ መስኮቱን እያዩ፣ ማለቴ ወደ መስኮቱ እንደዞሩ፣ «እኔንስ በማን ታሪክ ነው የምትቀብሩኝ?» አሉ።

«አይቀልዱ፣ ቲቸር።»

«አልቀለድኩም። ልጅ የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ለጸሐፊዋ ‹ሟች ሴት ናቸው› ማን እንደሚላት ነው የማስበው።»

«ወራጅ!» አልኩ። እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የለቅሶ ጽሑፍ አቆምኩ። በየተራ ሁለት ቤተሰብ መጣ፤ ሁለቱንም ወገቤን አሞኛል ብዬ መለስኳቸው። ሟቾቹ በ«ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» እና በ«ባደረባቸው ሕመም» ተቀበሩ። ቀብሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። አልተጸጸትኩም ብል እዋሻለሁ።

ጥቅምት ላይ ቲቸር ጠሩኝ። በረንዳቸው ላይ፣ ያችው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እግሬን ከደረጃው ሳላነሣ፣ «የእኔን አሁን ጻፍልኝ» አሉ። «በሕይወት እያለሁ። ሰምቼው፣ አርሜው።»

«አቁሜያለሁ፣ ቲቸር።»

«ሰምቻለሁ። ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ዋጋህ ነዋ!»

«ከእርስዎ? በስመ አብ! ያስተማሩኝ እርስዎ፣ ከእርስዎ ገንዘብ ልቀበል?»

«ከእኔ ያልተቀበልክ ከማን ልትቀበል ነው?» ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። «ያን ቁም ሣጥን ክፈት። ከላይኛው መደርደሪያ።»

ከፈትኩ። በፍሬም የገቡ ሦስት ወረቀቶች ተደራርበው ተቀምጠዋል። የምስጋና የምስክር ወረቀት ናቸው። ወጣት አስተማሪ ሳሉ ለልጆች የሚነበቡ ታሪኮች ይጽፉ እንደነበር ያን ቀን ነው የነገሩኝ። ዓመታት ሙሉ፣ የተማሪ ደብተር አርመው ሲጨርሱ። ታሪኮቹ ታትመዋል፣ በየክፍሉ ተነብበዋል። ስለ ክፍያ አንድ ቀን ሲጠይቁ፣ አለቃቸው «ለልጆች እኮ ነው» ብሎ አሳፈራቸው።

«ሦስቴ አመሰገኑኝ» አሉ። «በአንዱም አንድ ጠርሙስ ዘይት አልገዛሁም። ከዚያ እልኸኛ ሆንኩና መጻፉን ተውኩት። ልክ እንዳንተ። አርባ ዓመት ተውኩት፣ ግንበኛው። ማን ተጎዳ? እነሱማ ሌላ ሞኝ አገኙ።»

ፍሬሞቹን መልሼ ደረደርኳቸው።

«አንተ እኮ ፊደል ሳታውቅ በፊት ታውቀው ነበር። በነጻ የሰው ጉልበት አልበላም ብሎ እዚህ የተነሣው ማነው? ድንጋይ ስትጠርብ የሚገባህ ነገር ብዕር ስትይዝ የሚጠፋብህ ለምንድን ነው?»

«ቲቸር፣ የእርስዎ ጡረታ...»

«ጡረታዬን እኔ ነኝ የማውቀው። ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

«አራት ቀን።»

«ደህና ግንበኛ አሁን በቀን ስንት ነው የሚወስደው?»

ነገርኳቸው። በአራት አባዙት፤ ሒሳብ አሁንም ከእኔ ይፈጥናሉ። ከወር ጡረታቸው በላይ ሆነ።

«ግማሹን ይስጡኝ።»

«ግንብ ስትሠራ ግማሽ ላይ አቁመህ ትሄድ ነበር? በሦስት ወር ከፍዬ እጨርሳለሁ። ነገ ከሰዓት ጀምር።»

አራት ቀን ሠራሁ። ሌላውን ሁሉ ስጠይቅ የኖርኩትን ነው የጠየቅኳቸው፣ ግን ሌላው ሰው ሞቶ ሚስቱ ነች የምትመልስልኝ። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ለካ እንደዚያ አይፈጥንም። ከጎጃም በስምንት ዓመታቸው ከአጎታቸው ጋር መምጣታቸውን፣ መጀመሪያ ያስተማሩበት ክፍል ጣራው ያፈስ ስለነበር በዝናብ ቀን ተማሪዎቹን ወደ ደረቁ ጥግ ሰብስበው ቆመው ያስተምሩ እንደነበር ነገሩኝ። ለምን እንዳላገቡ ጠየቅኳቸው።

«አንድ ሰው ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር። ጥሩ ሰው ነበር። ደብዳቤውን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መለስኩለት።»

«ከዚያስ?»

«ሁለተኛ አልጻፈም።»

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ መሀረባቸውን ፈለጉ። «ጻፈው» አሉ። «ስሙን ግን እንዳትጽፍ። የልጅ ልጆች ይኖሩታል።»

በመጨረሻው ቀን የማልተወውን ጥያቄ ጠየቅኩ። በሕይወትዎ በጣም የሳቁት መቼ ነው?

«አጥሬ ላይ የሸናህ ቀን።»

«ኧረ ቲቸር! ያን ቀንማ ሊመቱኝ ነበር!»

«ውጪ ተቆጣሁ። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ እስኪያመኝ ሳቅሁ። የገዛ ግንቡን!» አሁንም ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከዚያ አለቀስኩ። ድንጋዩን እንደዚያ አሳምሮ የገጠመ ሰው እላዩ ላይ የተጻፈውን አያነብም ብዬ።»

እኔ ወደ አጥሩ ዞር አልኩ። ከበረንዳው ይታያል። ቀዩ ቀለም ከለቀቀ ቆይቷል።

«ይኼም ይግባ?»

«እሱ ከሌለበት አልከፍልም።»

አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ደግና ሩኅሩኅ ነበሩ» የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ። «እሱን አውጣው። ለሁሉም ነው የሚሉት። ያንን ለማንም ልትገለብጠው ትችላለህ።» አወጣሁት። ሌላ ሁለት ቦታ ታረምኩ። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ፣ ከነጠላቸው ሥር ፖስታ አወጡና የመጀመሪያውን ወር ዘረጉልኝ።

«ቁጠረው።»

«አምንዎታለሁ፣ ቲቸር።»

«ግንበኛ ቆጥሮ ነው የሚቀበል።»

ቆጠርኩ። ቁጥሩ ሁለቴ ተሳሳተብኝ፣ ብሩ ስለበዛ አይደለም። ከዚያ ደረሰኝ ጻፍልኝ አሉ። «ለጽሑፍ ሥራ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ በብዕር ፈረምኩ። አውራ ጣቴን አየሁት። ንጹሕ ነበር።

ጽሑፉ በእጄ የተጻፈ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት አልገባም። ቁም ሣጥናቸው ውስጥ፣ ከሦስቱ ፍሬሞች በላይ ተቀምጧል። ቲቸር ዛሬም አሉ። ሁለት ወር የከፈሉ ጊዜ «በሦስተኛው ብሞት ቀሪውን ከዳኛው ጠይቅ» ብለው ቀለዱብኝ፤ ሦስተኛውንም ከፈሉ። አሁን ደግሞ አንዳንድ ቀን ይጠሩኝና «አንድ ነገር ረስተናል» ይሉኛል። ጭማሪውን በሰዓት ነው የማስከፍላቸው። እሳቸው ናቸው የወሰኑት።

ባለፈው ወር የሾፌሩ ሚስት ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ጥቁሯን አላወለቀችም። በርጩማዬን ለቀቅኩላት፣ አልቀመጥም አለች።

«ወንድሜ፣ ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። የእሱን ጻፍልኝ። የራሱን። በሰው ታሪክ ነው የሄደው።»

እንደ ድሮው «እሺ፣ ለነፍስ ነው» ልል ከአፌ ደርሶ ነበር። ጸሐፊዋ ከውስጥ አንገቷን አውጥታ ታየናለች። ሴትየዋን ቀና ብዬ አየኋት።

«እጽፋለሁ፣ እትዬ። ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። በቀን የግንበኛ ዋጋ ነው የማስከፍለው።» ስንት እንደሆነም ነገርኳት። «ባንድ ጊዜ ካልሆነልሽ በሁለት በሦስት ወር ትከፍያለሽ።»

ጸሐፊዋን አየቻት፣ መልሳ እኔን አየችኝ። ክፉ ሰው ሆኜ የታየኋት መሰለኝ፤ ቢሆንም ዋጋውን አልቀነስኩም።

«ለፎቶው ፍሬም እንኳ ከዚህ የሚበልጥ ወስደውብኛል» አለች በመጨረሻ። «ጽሑፉ ግን የሚከፈልበት መሆኑን አልነገርከንም ነበር እኮ።»

«አዎ፣ አልነገርኳችሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ደብተሬን ገለጥኩ። «ሲነዳ ያንጎራጉር ነበር?» አልኳት።

ፊቷ ተፈታ። ሁለት እጆቿን ከነጠላዋ ውስጥ አውጥታ ትልቅ መሪ እንደያዘ ሰው ወደ ፊት ዘረጋቻቸው፣ ትከሻዋን ወደ ግራ ዘመም አደረገች፣ «ዳገት ላይ ብቻ» አለች።